የጨው ውሃ አኳሪየም በድሬዳዋ፦ ገንዘባችሁን በየትኛው ዕቃ ላይ ታውሉ?

ሰሞኑን ሦስት ሰዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። «የባሕር ዓሣ ቤቴ ማስቀመጥ እፈልጋለሁ፤ ምን ምን ልግዛ?» ሦስቱም የውጭ አገር ቪዲዮ አይተዋል። ሦስቱም የያዙት ዝርዝር ላይ መጀመሪያ የተጻፈው የውሃ ማሞቂያና የሚያምር መብራት ነው። ዝርዝሩ ብርድ ለሚበረታበት አገር ልክ ነው። ለድሬ ግን አይሆንም።

እኔም የጀመርኩት በዚሁ ስህተት ነው። የመጀመሪያ ገንዳዬ 100 ሊትር ነበር። ከያዝኩት ገንዘብ ግማሹን መብራት ገዛሁበት። ግንቦት ላይ አንድ እሑድ ለዘመድ ሰርግ ሐረር ወጣሁ። ከሰዓት በኋላ ድሬ መብራት ጠፋ። ማታ ስመለስ እህቴ ገንዳው አጠገብ ቆማ ውሃውን በጆግ እየቀዳች፣ ከፍ አድርጋ መልሳ ታፈሰዋለች። ሁለት ሰዓት ሙሉ እንዲያ ስታደርግ ቆይታለች። ክንዷ ዝሏል። ቴርሞሜትሩ 33 ዲግሪ ይላል። ከሁለቱ ክላውንፊሽ አንዱ ሞቷል፤ ሌላው ውሃው ፊት ላይ ወጥቶ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። የተረፈው ዓሣ የተረፈው በእህቴ ጆግ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ዕቃ የምመርጥበት መንገድ ተለውጧል። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር የቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው፦ እዚህ ከተማ የባሕር ዓሣን የሚገድለው ሙቀትና የመብራት መቋረጥ ነው፤ ስለዚህ ገንዘቡ መጀመሪያ ወደዚያ ይሂድ። የዕቃ ስም አልጠራም። ዋጋም በብር አልጻፍኩም፤ የውጭ ምንዛሪው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2024 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር፣ ዛሬ የምጽፈው ቁጥር ነገ ያሳስታችኋል። «ዝቅ ያለ»፣ «መካከለኛ»፣ «ውድ» እያልኩ እሄዳለሁ።

መጀመሪያ መመዘኛው

እያንዳንዱን ዕቃ በአምስት ጥያቄ እመዝነዋለሁ።

ውሃውን ያሞቃል ወይስ ያቀዘቅዛል? አብዛኛው የባሕር ዓሣና ኮራል (ባሕር ውስጥ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር፣ ተክል የሚመስል እንስሳ) የሚመቸው ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በግንቦትና በሰኔ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 35 ቢደርስ ማንም አይገረምም። ውሃ ውስጥ ያለ ፓምፕ የሚበላው ኤሌክትሪክ ደግሞ መጨረሻው ሙቀት ሆኖ እዚያው ውሃው ውስጥ ይቀራል።

መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል? እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። ሙቅ ውሃ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ያንሳል። ጨዋማ ውሃ ደግሞ ከጣፋጩ ያነሰ ይይዛል። በዚያ ላይ ከፍታው አለ፤ ድሬ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠረፍ በ13 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፣ ሐረር ላይ በ20 በመቶ። ኦክስጅኑም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ ጠረፍ ላይ ያለ ሰው ፓምፑ ቆሞ ለጥቂት ሰዓት መታገስ ቢችል፣ እኛ ያን ያህል ጊዜ የለንም።

የትኛውን ውሃ ይፈልጋል? ድሬ ውስጥ ማንቆርቆሪያ የሚያጥብ ሁሉ ያንን ነጭ ቅርፊት ያውቀዋል። የቧንቧችን ውሃ ኖራ ይበዛዋል።

እዚሁ ይጠገናል? ዕቃው ሲበላሽ ታይዋን ገበያ ወርደን መለዋወጫውን እናገኛለን ወይስ ከውጭ እስኪመጣ ወር እንጠብቃለን? ዓሣ ወር አይጠብቅም።

በወር ስንት ያስወጣል? መግዣው አንዴ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ግን በየወሩ ነው።

ገንዳው፦ መስታወት፣ አክሪሊክ ወይስ ሁሉን ያካተተ

መጠኑን አስቀድመን እንጨርስ። ትንሽ ገንዳ ለጀማሪ ይቀላል የሚባለው ለጨው ውሃ አይሠራም። 40 ሊትር ውሃ ከሰዓት በኋላ በአንድ ጊዜ ይሞቃል፣ ትንሽ ሲተን ጨውነቱ ይዘላል። 200 ሊትር ግን ቀስ ብሎ ነው የሚለወጠው፤ ስህተታችሁን ለማረም ጊዜ ይሰጣችኋል። ለድሬ ዝቅተኛው 100 ሊትር፣ ጥሩው 200 ሊትር ነው። 100 በ40 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ ልክ 200 ሊትር ይይዛል።

መስታወት ከሦስቱ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። እዚሁ መስታወት ቤት አስቆርጦ ማሠራት ይቻላል። ለ50 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መስታወት ይሁን፤ ከላይ ዙሪያውን ማጠናከሪያ ይለጠፍበት። ዋናው ጥንቃቄ ሲሊኮኑ ላይ ነው። ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ሻጋታ የሚከላከል ሲሊኮን ዓሣ ይገድላል። የምትፈልጉት ምንም ያልተቀላቀለበት ንጹህ ሲሊኮን ነው፤ ሲደርቅ አቼቶ አቼቶ የሚሸተው። ከተለጠፈ በኋላ አንድ ሳምንት ይድረቅ። ከዚያ ግቢ ውስጥ አውጥታችሁ በቧንቧ ውሃ ሙሉትና ሦስት ቀን ጠብቁ። የሚያፈስ ከሆነ ሳሎን ሳይገባ ይታወቅ።

አክሪሊክ ቀላል ነው፣ ቶሎም አይሰበርም። ግን ይጫጫራል። የእኛ ከተማ አሸዋና አቧራ ባለበት፣ አንድ የአሸዋ ቅንጣት በመወልወያው ጨርቅ ከተያዘ ጭረቱ ለዘለዓለም ይቀራል። ወፍራም ጠፍጣፋውን ማግኘትም፣ በትክክል የሚያጣብቅ ባለሙያ ማግኘትም ይከብዳል።

ሁሉን ያካተተ የሚባለው ትንሽ ገንዳ ከነፓምፑ፣ ከነመብራቱ፣ ከነክዳኑ ይመጣል። ያምራል። ለድሬ ግን ሦስት ችግር አለበት፦ ክዳኑ ሙቀት ያፍናል፣ መጠኑ ያንሳል፣ ፓምፑ ሲቃጠል የእሱን ልክ የሚሆን ሌላ የለም።

መቀመጫውን ለበያጅ ስጡት። ባለ 200 ሊትር ገንዳ ከነድንጋዩና ከነመስታወቱ 260 ኪሎ ያልፋል፤ ኮሞዲኖ ወይም የቴሌቪዥን ጠረጴዛ አይችለውም። 40 በ40 ቱቦላሬ በቂ ነው። ጨው ብረት ስለሚበላ ፀረ ዝገት ሁለት ጊዜ ይቀባ። ከመሙላታችሁ በፊት ውሃ ልክ አስቀምጡበት። የቆየ ቤት ወለል ዘንበል ማለቱ የተለመደ ነው፤ ዘንበል ያለ ገንዳ ደግሞ አንድ ቀን በማዕዘኑ ይሰነጠቃል።

ጨውና ውሃ

ጨው ላይ ሦስት መንገድ አለ፤ አንደኛው ፈጽሞ አይሆንም።

የማይሆነው የገበታ ጨው ነው። «የአፍዴራ ጨው ተፈጥሮ ነው፣ ለምን አይሆንም?» ያለኝ ሰው አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ባሕር ውስጥ ከሟሟው ጨው ወደ 85 በመቶ የሚሆነው ብቻ ነው ገበታ ላይ የምናውቀውን ጨው የሚሠሩት ሶዲየምና ክሎራይድ። የቀረው ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ፖታስየም፣ ሰልፌትና ሌላም ነው። ዓሣውም ኮራሉም ያንን ቀሪ ይፈልጋል።

ሁለተኛው ከጅቡቲ የባሕር ውሃ ማስመጣት ነው። ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬ ከገባ ወዲህ ባሕሩ ለዚህ ከተማ ሩቅ ሆኖ አያውቅም፤ ዛሬም ሹፌር የሌለበት ሰፈር የለም። እኔም ሞክሬዋለሁ። ጎረቤታችን የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፤ አምስት ጀሪካን ሞልተው አመጡልኝ።

«ጋሼ፣ ከየት ነው የቀዱት?»

«ከወደቡ ዳር ነዋ ልጄ። ባሕር ያው ባሕር ነው።»

የአንዱን ጀሪካን ክዳን ስከፍት ናፍጣ ሸተተኝ። ውሃው ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ቅባት ተንሳፏል። ደክመው ያመጡልኝን ውሃ ሽንት ቤት ስደፋ አዘንኩ፤ ለእሳቸውም አልነገርኳቸውም። ከወደብና ከከተማ ፍሳሽ ርቆ፣ ከጠረፍ ወጣ ብሎ የተቀዳ ከሆነ ጥሩ ነው። ይህን የሚያረጋግጥላችሁ ሰው ከሌለ ግን አትመኑት። ደግሞም በየወሩ ከውሃው 10 ወይም 15 በመቶ መቀየር ስላለባችሁ፣ ሹፌሩ በየወሩ ሊያመጣላችሁ ይገባል።

ሦስተኛው ለአኳሪየም ተብሎ የተቀመመ ጨው ነው። ለ200 ሊትር ከ7 እስከ 8 ኪሎ ይፈጃል። ውድ ነው፣ ግን ውጤቱ ይታወቃል። ምርጫዬ ይኸው ነው። ከረጢቱን በደንብ ዝጉ፤ እርጥበት ከነካው ድንጋይ ይሆናል።

ጨው የሚበጠበጥበት ውሃ ደግሞ የራሱ ጉዳይ ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ በማስወገጃ ይጠፋል፤ ኖራውና ናይትሬቱ ግን ይቀራል። ዓሣ ብቻ ከሆነ ይሞከራል፣ አረንጓዴ አልጌ ግን መስታወቱን ይወርሰዋል። ዝናብ ውሃ ንጹህ ይመስላል፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ግን ዚንክ ይለቅበታል፤ ዚንክ ደግሞ ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ይፈጃል። ከጋራዥ የሚገዛ የባትሪ ውሃን አልመክርም፤ በዚያው ስም አሲዱም ይሸጣል።

የቀረው አርኦ ዲአይ የሚባለው ማጣሪያ ነው። ውሃውን በግፊት በስስ ስክሪን አሳልፎ፣ የቀረውን በሙጫ መሳይ እንክብሎች ይለቅማል። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ሮቶአችሁን ቀና ብላችሁ እዩ። ማጣሪያው በደንብ የሚሠራው ከ3 እስከ 4 ባር ግፊት ሲያገኝ ነው። ውሃ በ10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ይሰጣል። ሮቶው 5 ሜትር ላይ ከሆነ ያላችሁ ግማሽ ባር ነው። ስለዚህ ግፊት መጨመሪያ ፓምፕ አብሮ ይገዛል፤ ይህንን ሻጩ ላይነግራችሁ ይችላል። ለአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ 3 ወይም 4 ሊትር ይወገዳል። የሐረማያ ሐይቅ ሲደርቅ ባየንበት አካባቢ ያንን ውሃ ቱቦ ውስጥ መልቀቅ ነውር ነው። በበርሜል ይጠራቀም፤ ለወለልና ለሽንት ቤት ይሆናል።

ማቀዝቀዣው፦ ዋናው ውሳኔ

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ድሬ ላይ ለዓሣ ቤት ከሚገዛው ሁሉ ይህ ይበልጣል።

ቬንትሌተር። ቀላሉ መንገድ ነው። ትንንሽ ባለ 12 ቮልት፣ ኮምፒውተር ውስጥ የሚገባው ዓይነት፣ ሁለት ወይም ሦስት ሆነው ውሃው ፊት ላይ ይነፍሳሉ። ውሃው ይተናል፤ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን 200 ሊትሩን ገንዳ በ3 ዲግሪ ገደማ ለማቀዝቀዝ የሚበቃ ሙቀት ይወስዳል። እንስራ ውስጥ ያለ ውሃ የሚቀዘቅዝበት ምስጢርም ይኸው ነው። ክፍሉ ግን መልሶ ስለሚያሞቀው፣ በተግባር የምታገኙት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ቅናሽ ነው። አየሩ በደረቀ ቁጥር የበለጠ ይሠራል፤ የድሬ ደረቅ አየር ለዚህ በረከት ነው። ሦስቱም አንድ ላይ የሚበሉት 10 ዋት ቢሆን ነው። ከመኪና ባትሪ ላይም በቀጥታ ይሠራሉ።

ዕዳው ትነቱ ነው። ውሃው ይሄዳል፣ ጨው ግን ይቀራል። 200 ሊትር ገንዳ በቀን 4 ሊትር ቢያጣና አራት ቀን ባትሞሉት፣ በሊትር 35 ግራም የነበረው ጨው 38 ይደርሳል። ስለዚህ በየቀኑ፣ በተለይ በበጋ፣ ጨው የሌለው ንጹህ ውሃ ይጨመርበታል። ገንዳው ጎን ላይ መስመር አስምሩ፤ ውሃው ከመስመሩ ሲወርድ ሙሉ። አውቶማቲክ መሙያ አለ፤ ሲበላሽ ግን ወይ ያጥለቀልቃል ወይ ይተዋል። ቤት ሰው ካለ ጆግ ይበቃል።

ቺለር። እንደ ፍሪጅ ኮምፕሬሰር ያለው ማቀዝቀዣ ነው። 26 ዲግሪ ብላችሁ ትሞሉታላችሁ፣ 26 ያደርገዋል። ከቬንትሌተር ጋር በትክክለኛነቱ አይወዳደርም። ግን ውድ ነው። ከውሃው ያወጣውን ሙቀት ክፍሉ ውስጥ ስለሚተፋው በር ወይም መስኮት አጠገብ ይቀመጥ። 200 ዋት የሚበላ ቺለር በቀን 12 ሰዓት ቢሠራ በወር 72 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጨምርባችኋል። የገንዳው ሌላ ዕቃ ሁሉ ተደምሮ 50 ገደማ ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ቺለሩም ይቆማል፤ ከባትሪ ላይ ለረጅም ሰዓት ማሠራት ከባድ ነው። የፍሪጅ ጠጋኝ ጋዙን ሊሞላው ይችላል፣ ይህ አንድ ጥሩ ጎኑ ነው።

የክፍሉ ኤሲ። ቀድሞ ካላችሁ ይጠቅማል። ለዓሣው ብቻ ተብሎ 24 ሰዓት ኤሲ ማብራት ግን ከቺለሩም ይበልጥ ያስወጣል።

በረዶ። በሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ አቀዝቅዞ፣ ክዳኑን ሳይከፍቱ ገንዳው ላይ ማንሳፈፍ። ለድንገተኛ ጊዜ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሦስት ጠርሙስ ሁልጊዜ ይኑር። ለዘወትር ግን ሙቀቱን ሽቅብ ቁልቁል ስለሚያመላልሰው ዓሣውን ያስጨንቃል።

የእኔ ፍርድ፦ ዓሣና ለስላሳ ኮራል (ድንጋይ የመሰለ አጽም የማይሠራው ዓይነት) ከሆነ ቬንትሌተር ይበቃል፤ ገንዳው ግን ፀሐይ የማይመታው፣ አየር የሚገባበት ክፍል ይቀመጥ። ከዚራ ሰፈር ካሉት የድሮ ቤቶች ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ ግንባቸው የወፈረ አለ፤ እዚያ የሚኖር ሰው ግማሽ ሥራው ተሠርቶለታል። በአንጻሩ ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ድንጋያማ ኮራል (አጽሙን የሚሠራው ዓይነት) ማኖር ያለ ቺለር አይሞከርም።

መብራት ሲጠፋ

ሁለተኛው ዋና ውሳኔ ይኸው ነው። መጠባበቂያው ሁሉንም ዕቃ እንዲያሠራ አትጠብቁ። የሚያስፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ ውሃው እንዲንቀሳቀስና ከላይ እንዲነፍስበት። መብራቱ፣ ስኪመሩ (ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣው ዕቃ)፣ ቺለሩ ሊጠብቁ ይችላሉ።

በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ርካሽ ነው፤ አረፋ ይሰጣል፣ ሌሊቱን ያሻግራል። የመጀመሪያ ቀን ይገዛ።

የኮምፒውተር ዩፒኤስ ብዙ ሰው ቤት አለ። ትንሹ ዩፒኤስ ውስጥ ያለው ባትሪ ግን 25 ዋት ፓምፕ የሚያቆየው ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ድሬ ላይ ሁለት ሰዓት አንዳንዴ ይበቃል፣ አንዳንዴ አይበቃም።

የመኪና ወይም የሶላር ባትሪ ከሁሉም ይመረጣል። 100 አምፒር ሰዓት የሆነ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል። ባትሪው እንዳይጎዳ ግማሹን ብቻ እንጠቀም እንበል። 25 ዋት ለሚበሉ ባለ 12 ቮልት ፓምፕና ቬንትሌተሮች ያ 24 ሰዓት ነው። በቀጥታ ስለሚገናኝ ኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ወደ 220 ቮልት የሚቀይር ዕቃ) አያስፈልግም፣ ብክነትም የለም። የመኪና ኤሌክትሪሽያን በአንድ ከሰዓት ይሠራላችኋል። ለዚህ ብዬ ነው ፓምፕ ስትገዙ ባለ 12 ቮልቱን ምረጡ የምለው፤ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን ባትሪ ላይ ያለ ጣጣ ይሰካል። ባትሪው ላይ 100 ዋት የሶላር ሰሌዳ ብትጨምሩበት የድሬ ፀሐይ በቀን 400 ዋት ሰዓት ያህል ትመልስለታለች።

ጀነሬተር ለሆቴልና ለካፌ እንጂ ለቤት ዓሣ አይመችም። ነዳጅ አለ፣ ጩኸት አለ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቤት ሰው ከሌለ የሚያስነሳው የለም።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ የሚያመጣው ዕቃ የ110 ቮልት ሊሆን ይችላል። እኛ ጋ 220 ነው። በቀጥታ የተሰካ ማሞቂያ አራት እጥፍ ኃይል ይስባል፣ ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል እንጂ ድግግሞሹን አይቀይርም፤ እዚያ 60 ሄርዝ፣ እዚህ 50 ነው። ስለዚህ ተራ ፓምፕ በአንድ ስድስተኛ ዝግ ብሎ ይዞራል። አውሮፓ ወይም ዱባይ ያለ ዘመድ ካላችሁ ለእሱ ላኩ።

ማጣሪያው

የባሕር ገንዳ እውነተኛ ማጣሪያ ድንጋዩ ነው። ቀዳዳ የበዛበት የካልሲየም ካርቦኔት ድንጋይ ላይ ባክቴሪያ ይሰፍራል፤ የዓሣውን ሽንት አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ያንን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ለ100 ሊትር 10 ኪሎ ገደማ ይበቃል። ይህ ሥርዓት እስኪቆም ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ እስከዚያ ዓሣ አይገባም። ከዙሪያችን ተራራ የኖራ ድንጋይ ለቅሞ መጠቀምን ብዙ ሰው ይጠይቃል። አቼቶ ሲንጠባጠብበት ቢፈላ ኖራ መሆኑን ያሳያል፣ ውስጡ ያለውን ብረት ግን አያሳይም። እኔ አልገባበትም። ሕያው ኮራል ወይም ድንጋይ ከጠረፍ ነቅሎ ማምጣት ደግሞ ጭራሽ አይታሰብ። ድንጋያማ ኮራሎች ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ናቸው፤ ኢትዮጵያም አባል ናት።

ከድንጋዩ በተጨማሪ ስኪመር ይመከራል። አረፋ እየሠራ ቆሻሻውን ከውሃው በላይ ባለ ኩባያ ውስጥ ይተፋል። የመጀመሪያውን ኩባያ ስትደፉ ሽታውና ቡናማ ቀለሙ ዓሣዎቹ በምን ውስጥ ሲዋኙ እንደነበር ይነግራችኋል። አየርም ስለሚያስገባ ለእኛ ከፍታ እጥፍ ጥቅም አለው። ከሥር ሁለተኛ ገንዳ፣ ሳምፕ የሚሉት፣ ካለ ስኪመሩ እዚያ ይቀመጣል፤ መስታወት ቤቱ በአንድ ሂሳብ ይሠራዋል። ከሌለ ገንዳው ጀርባ ላይ የሚንጠለጠለው ዓይነት አለ።

የተዘጋ ባልዲ የሚመስለውን ማጣሪያ ግን ለድሬ አልመርጥም። መብራት ለጥቂት ሰዓት ሲጠፋ ውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች ኦክስጅን አጥተው ይሞታሉ። መብራት ሲመጣ ያንን የበሰበሰ ውሃ መልሶ ገንዳው ውስጥ ይለቀዋል።

መብራትና መለኪያ

ዓሣ ብቻ ከሆነ ማንኛውም ነጭ ኤልኢዲ ይበቃል፤ ገንዘብ አታባክኑበት። ለኮራል ጠንከር ያለ፣ ሰማያዊ የሚበዛበት ኤልኢዲ ያስፈልጋል። የቱቦ መብራት ብርሃኑ ጥሩ ነው፣ ግን ይሞቃል፣ ቱቦውም በየዓመቱ መቀየር አለበት።

የጨው መለኪያ ላይ አትቆጥቡ። ባለ ጠቋሚ ፕላስቲኩ ርካሽ ነው፣ አረፋ ሲይዘው ይዋሻል። በዓይን የሚታየው ሪፍራክቶሜትር ባትሪ አይፈልግም፣ አይሞትም። ብዙዎቹ ራሳቸውን የሚያስተካክሉት እስከ 30 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ በጠዋት ለኩ። የምትፈልጉት በሊትር 35 ግራም ወይም 1.026 (ከንጹህ ውሃ ጋር ሲነጻጸር ያለው ክብደት) ላይ ነው። የአሞኒያ፣ የናይትራይትና የናይትሬት መፈተሻ የግድ ነው። ቴርሞሜትር ሁለት ይሁን፤ አንዱ ሲሳሳት በሌላው ይታወቃል።

በአንድ ዓይን

| ዕቃ | ሙቀት ላይ | መብራት ሲጠፋ | ድሬ ላይ ጥገና | መግዣ | በየወሩ |
|---|---|---|---|---|---|
| እዚህ የተሠራ መስታወት ገንዳ | ክፍት ስለሆነ ይተነፍሳል | ውሃው ቀስ ብሎ ይሞቃል | ቀላል | መካከለኛ | የለም |
| ሁሉን ያካተተ ትንሽ ገንዳ | ያፍናል | ቶሎ ይሞቃል | ከባድ | መካከለኛ | ዝቅ ያለ |
| ቬንትሌተር | ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ይቀንሳል | በባትሪ ይሠራል | ቀላል | ዝቅ ያለ | ዝቅ ያለ፣ ውሃ ግን ይፈልጋል |
| ቺለር | በትክክል ይይዛል | ይቆማል | መካከለኛ | ውድ | ከፍተኛ |
| ትንሽ ዩፒኤስ | አይመለከተውም | 2 ሰዓት ገደማ | መካከለኛ | መካከለኛ | የለም |
| 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ | አይመለከተውም | 24 ሰዓት ገደማ | ቀላል | መካከለኛ | ዝቅ ያለ |
| ድንጋይና ስኪመር | ትንሽ ያሞቃል | ድንጋዩ ውሃ ከተንቀሳቀሰ ይቆያል | መካከለኛ | ውድ | ዝቅ ያለ |
| የተዘጋ ማጣሪያ | ትንሽ ያሞቃል | አደገኛ | ከባድ | መካከለኛ | ዝቅ ያለ |
| አርኦ ዲአይ ከነፓምፑ | አይመለከተውም | ይቆማል፣ ውሃ አጠራቅሙ | መካከለኛ | ውድ | ስክሪንና እንክብል መቀየር |

ለማን የቱ?

ገንዘቡ ጠባብ ለሆነበት ሰው እውነቱን ልናገር። ባትሪውንና የተቀመመውን ጨው መግዛት ካልቻላችሁ አሁን በጨው ውሃ አትጀምሩ። ሲክሊድ የሚባሉ የማላዊና የታንጋኒካ ሐይቅ የጣፋጭ ውሃ ዓሦች አሉ፤ ቢጫቸውና ሰማያዊያቸው ከባሕር ዓሣ አይተናነስም። ጠንካራና ኖራማ ውሃ ይወዳሉ፤ ክሎሪኑ የወጣለት የድሬ ቧንቧ ውሃ ለእነሱ ይስማማል። ቬንትሌተሩና ባትሪው ለእነሱም ይጠቅማል፤ በኋላ ወደ ጨው ስትሸጋገሩ ዕቃው አብሯችሁ ይሄዳል።

ባትሪና ጨው መግዛት ከቻላችሁ ግን 120 ሊትር የእዚህ መስታወት፣ ድንጋይ፣ ተንጠልጣይ ስኪመር፣ ሦስት ቬንትሌተር፣ አንድ ባትሪ፣ ተራ ኤልኢዲ። ሁለት ክላውንፊሽ ብቻ። ሦስተኛ ዓሣ አያምራችሁ።

ቤተሰብ ያለው፣ ቤት ሁልጊዜ ሰው የማይጠፋበት ሰው 200 ሊትር ከነሳምፑ ይሥራ። አርኦ ዲአይ እዚህ ላይ ይገባል። ለስላሳ ኮራሎችን ከስድስት ወር በኋላ መሞከር ይችላል።

ድንጋያማ ኮራል የሚፈልግ ቺለርም፣ ባትሪም፣ ጠንካራ መብራትም ያስፈልገዋል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ይቆይ።

የሐረር ሰው ሌላ ነው። አቦ፣ እናንተ ታድላችኋል፤ 1,885 ሜትር ላይ ቺለር ምን ያደርጋል? በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ግን ውሃው ከ24 ይወርዳል። ለእናንተ 150 ወይም 200 ዋት ማሞቂያ ከነመቆጣጠሪያው ትክክለኛ ግዢ ነው። ለኦክስጅኑ ደግሞ ከእኛ ይልቅ ተጠንቀቁ፤ ስኪመርና አየር ፓምፕ አትዝለሉ።

ሁሉም ዕቃ ተገጥሞ፣ ውሃው ጨው ሆኖ፣ ዓሣ ግን ገና ሳይገባ አንድ ሙከራ አድርጉ። ሞቃት እሑድ ምረጡ። ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ብሬከሩን አውርዱ። ባትሪው ፓምፑንና ቬንትሌተሩን ብቻ ያሠራ። እስከ 12 ሰዓት በየሰዓቱ ቴርሞሜትሩን እያነበባችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ። ከ28 ካላለፈ ዓሣውን ማምጣት ትችላላችሁ። ካለፈ አንድ ቬንትሌተር ጨምሩ፣ ወይም ገንዳውን ወደ ቀዝቃዛው ክፍል ውሰዱትና በሚቀጥለው እሑድ እንደገና ብሬከሩን አውርዱ።